ሦስት ድርጅት ገዝታችኋል፤ ይዋጡ፣ ይተዉ ወይስ ጓዳቸው ብቻ ይቀላቀል?

ደጀን፣ ምሳ ሰዓት። ሁለት የአይሱዙ ሹፌሮች አንድ ትሪ ላይ ቀርበዋል። አንዱ ዱቄት ጭኖ አባይ በረሃን ሊወርድ ነው፣ ሌላው ከአዲስ አበባ እየተመለሰ ነው። ቀጣሪያቸው አንድ ነው። አንድ ከሆነ ግን ገና ሦስተኛ ወሩ ነው፤ የአንደኛው ባለቤት የሌላኛውን ድርጅት ገዝቶት። በወሬ መሀል አበል ተነሳ። ተነጻጸረ። የአንዱ የሌላውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በማግስቱ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ካለው ግቢ አምስት መኪና አልተነሳም።

እኔ ያኔ የገዢው ግሩፕ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። በሁለት ዓመት ሦስት ድርጅት ተገዝቶ ነበር፦ የዱቄት ፋብሪካ፣ የጭነት ትራንስፖርት እና የቅባት እህል ማበጠሪያ። ግዢው ሲጠና ኤክሴሉ ላይ ያልገባ ነገር የለም ብለን ነበር። የሹፌር አበል አልገባም።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ስሄድ አንድ ጥያቄ ይገጥመኛል። «ሁለተኛውን ገዛን፣ ሦስተኛውንም እያየን ነው፣ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። ወይ «አዋህዱት» ወይ «ተዉት»። እኔ ደግሞ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም፣ ምክንያቱም አንድ ድርጅት ውስጥ ቶሎ መቀላቀል ያለበትም አለ፣ ጨርሶ መነካት የሌለበትም አለ። እስቲ አማራጮቹን ጎን ለጎን እንያቸው።

መጀመሪያ፣ የገዛችሁት ምንድን ነው?

አክሲዮኑን ከገዛችሁ ድርጅቱን የገዛችሁት ከነዕዳው፣ ከነክሱ፣ ከነግብር ታሪኩ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ሻጩ ያልከፈለው ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ ለመንግሥት የሚገባው ግብር) ነገ እናንተ በር ላይ ይመጣል። ንብረቱን ብቻ ከገዛችሁ፣ ማለትም ማሽኑን፣ መኪናውን፣ ሕንፃውን፣ አብዛኛው የድሮ ጉድ ከሻጩ ጋር ይቀራል። በምትኩ ስም ማዛወር፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ከደንበኛና ከአቅራቢ ጋር ውል እንደገና መፈራረም አለ።

አንድ ድርጅት ብቻ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ደጋግሞ ለሚገዛ ግን አይቻልም። በአክሲዮን የተገዛ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ቲን ነምበር፣ የራሱ ኦዲት፣ የራሱ ካሽ ሬጅስተር ማሽን ይዞ ነው የሚመጣው። ሦስት ስትገዙ ሦስት ጊዜ ነው።

ሁለት አዋጆችም አሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 የንግድ ውህደት ከመፈጸሙ በፊት ለሚመለከተው አካል ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ተፈራርሞ ከጨረሱ በኋላ ማሳወቅ ጣጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ ድርጅት መዋሃዱ ወይም ባለቤት መቀየሩ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም ይላል። ስለዚህ «ገዝተን አዲስ ሰው እንቀጥራለን» የሚለውን እቅድ ከወረቀቱ ላይ ሰርዙት።

መዋጥ

ይህ ማለት የተገዛው ስሙ ይጠፋል፣ ሠራተኛው የእናንተን ባጅ ያደርጋል፣ ሂሳቡ ከእናንተ ሂሳብ ጋር አንድ ይሆናል። እኛ አገር ብዙ ሰው በዓይኑ ያየው በ2008 ዓ.ም ነው፣ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ሲጠቃለል። ታፔላው ወረደ፣ ቅርንጫፉ ቀጠለ። ታላላቆቻችን እስከዛሬም ያንን ባንክ «ቤቶችና ቁጠባ» ይሉታል፣ ማለትም ከዚያም በፊት በነበረው ስሙ። ስም ከወረቀት ቶሎ ይጠፋል፣ ከሰው አፍ ግን አይጠፋም።

መዋጥ የሚያዋጣው ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ሲሆን ነው። ባንክና ባንክ። ዱቄትና ዱቄት፣ ያውም አንድ ከተማ ውስጥ። ያኔ ሁለት ካሸር፣ ሁለት ግዢ ክፍል፣ ሁለት ጄኔሬተር የሚይዝበት ምክንያት የለም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ የባንክ ውህደት ወሬ የበዛው ለዚህ ነው፤ ሥራቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ሌላውን ቢውጥ ሆዱ ይችለዋል።

የማያዋጣውስ? እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝ ከአሜሪካው ክራይስለር ጋር ሲገናኝ ጉዳዩ 36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ የተነገረውም «የአቻዎች ጋብቻ» ተብሎ ነው። ሁለቱም መኪና ይሠራሉ፣ ስለዚህ በእኔ መለኪያ መዋጥ ሊሠራ ይገባው ነበር። አልሠራም። አንደኛው ውድ መኪና በዝግታ የሚሠራ ቤት ነው፣ ሌላኛው ርካሽ መኪና በፍጥነት። የደሞዛቸው ልዩነትም ሌላ ጣጣ ነበር፣ የክራይስለር አለቆች ከጀርመኖቹ አለቆች በጣም የበለጠ ይከፈላቸው ነበር። (ደጀን ላይ ያየኋት ነገር ናት፣ ዜሮዎቿ በዝተው እንጂ።) በ2007 የክራይስለር 80.1 በመቶ ድርሻ ሰርበረስ ለሚባል ድርጅት በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ስለዚህ መዋጥን ከመረጣችሁ ማየት ያለባችሁ የሥራውን ዓይነት ብቻ አይደለም። የደሞዝ እርከኑን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከመፈራረማችሁ በፊት። ሁልጊዜም ወደ ላይ ነው የሚስተካከለው፤ የማንንም ደሞዝ ወደ ታች አውርዶ የሰነበተ አላየሁም። ያ ልዩነት የዋጋው አካል ነው።

መተው

ሁለተኛው መንገድ ገዝቶ አለመንካት ነው። የዋረን ቡፌት በርክሻየር ሃታዌይ በዚህ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲስ ካንዲስ የተባለውን የቸኮሌት ድርጅት በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ ቸኮሌት እንዴት እንደሚሠራ ግን ሊያስተምረው አልሞከረም። ብዙ መቶ ሺህ ሠራተኛ ያለው ግሩፕ ዋናው ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው።

የመኪናው ዓለም እዚህም ጥሩ ማነጻጸሪያ አለው። ፎርድ ጃጓርን፣ ቮልቮን፣ ላንድሮቨርን እየገዛ አንድ ጥላ ሥር ሰበሰባቸው። ቮልቮን በ1999 ሲገዛ 6.45 ቢሊዮን ዶላር ነው ያወጣው። በ2008 ጃጓርንና ላንድሮቨርን ለሕንዱ ታታ በ2.3 ቢሊዮን ሸጠ። በ2010 ደግሞ ቮልቮን ለቻይናው ጂሊ ለመሸጥ የተስማማው በ1.8 ቢሊዮን ነው። ጂሊ ቮልቮን ወደ ቻይና ነቅሎ አልወሰደም፤ ዋናው ቢሮ እዚያው ስዊድን ጎተንበርግ ቀረ፣ ዲዛይኑም በስዊድኖቹ እጅ ቆየ፣ ገንዘብና ገበያ ግን ሰጠው።

ደስ ይላል። ግን እኛ ጋ «ተውነው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ረሱት ማለት ነው። በርክሻየር ቸኮሌቱን ተወ እንጂ ገንዘቡን አልተወም፤ የተረፈው ካሽ ወደ ዋናው ቢሮ ነበር የሚሄደው። እኛ የቅባት እህል ማበጠሪያውን «ልምድ ስላላቸው ራሳቸው ይምሩት» ብለን ስንተወው የባንክ ፈራሚ እንኳ አልቀየርንም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ቼክ ላይ የሚፈርመው የሸጠልን ሰው ነው። ሰረቀ አልልም፣ አልሰረቀም። ግን ሰሊጥ ሲረክስ በራሱ ግምት ብዙ ገዝቶ አከማቸ፣ እኛ ያንኑ ገንዘብ ለጎማ አስበነው ነበር።

መተው የሚያምረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ሥራው ከእናንተ ሥራ ፈጽሞ የተለየ ከሆነ። መሪው ጠንካራ ከሆነና የሚቆይ ከሆነ። ገንዘቡን በየሳምንቱ የምታዩበት መንገድ ካለ። ሦስተኛው ከጎደለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አያድኗችሁም።

ጓዳው አንድ፣ በሩ ለየብቻ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፣ በተለይ ከአንድ በላይ ለገዛ።

ባሕር ዳር ማምሻ ቤት ገብታችሁ ጠረጴዛዎቹን ተመልከቱ። አንዱ ጋ ዋልያ፣ ሌላው ጋ በደሌ፣ ጥጉ ላይ ሐረር። ጠጪዎቹ ስለ ቢራቸው እንደ እግር ኳስ ቡድን ይከራከራሉ። ገንዘቡ ግን አንድ ኪስ ነው የሚገባው። ሄኒከን በደሌንና ሐረርን እ.ኤ.አ. በ2011 ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ ስማቸውን አላጠፋም፣ ዋልያን ደግሞ በኋላ ራሱ ጨመረበት። ቢጂአይም እንደዚያው፤ ጊዮርጊስን እ.ኤ.አ. በ1998 ገዛ፣ ሜታን ደግሞ በ2022 ከእንግሊዙ የመጠጥ ድርጅት ከዲያጆ ወሰደ። ሜታ አሁንም ሜታ ነው። ሰው የሚወደው ስሙን ነው፣ ብቅሉ በማን ፊርማ እንደተገዛ አይጠይቅም።

ይኸው ነው አሠራሩ። ደንበኛው የሚያየው በር እንዳለ ይቆያል፦ ስም፣ ጣዕም፣ የሽያጭ ሠራተኛ። ደንበኛው የማያየው ጓዳ አንድ ይሆናል፦ ገንዘብ፣ ሂሳብ፣ ግዢ፣ መለዋወጫ፣ ኢንሹራንስ። የአሜሪካው ዳናኸር የገዛቸውን ድርጅቶች በየስማቸው እያኖረ የሚጭንባቸው አንድ ነገር አለው፣ ከጃፓኖቹ የተማረውን የፋብሪካ አሠራር። ስማችሁን ጠብቁ፣ አሠራራችሁን ግን ከእኛ ተማሩ ነው ነገሩ።

ለምን እንደሚጠቅም በኩሽኔታ ላሳያችሁ። የዱቄት ፋብሪካው አንድ ሞተር ቆመ፣ ቁጥሩ 6205 የሆነ ኩሽኔታ ያስፈልጋል። ቡሬ ያለው እቃ ቤት የለም አለ። ሰው ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ መርካቶ ተፈልጎ ተገዛ፣ ፋብሪካው ሦስት ቀን ቆመ። ከወር በኋላ ለቆጠራ ወደ ትራንስፖርቱ እቃ ቤት ገባሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ 6205 አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ቢን ካርዱ (የእቃ መመዝገቢያ ካርዱ) ላይ የተጻፈው «ቤሪንግ መካከለኛ» ነው። ማበጠሪያው ጋ ደግሞ ያው እቃ «ኩሽኔታ የማራገቢያ» ተብሎ ተመዝግቧል። አንድ እቃ፣ ሦስት ስም፣ ሦስት ቤት። ሦስቱ እቃ ጠባቂዎች ስልክ ቢደዋወሉ እንኳ አይግባቡም ነበር።

እና የመጀመሪያው የማዋሃድ ሥራ ሶፍትዌር መግዛት አይደለም። ስም ማስማማት ነው። የእቃው ኮድ፣ የደንበኛው ኮድ፣ የሂሳብ መደቡ። አንዱ ነዳጅን «የትራንስፖርት ወጪ» ውስጥ፣ ሌላው «የማምረቻ ወጪ» ውስጥ ካስገባ የሁለቱን ትርፍ ማነጻጸር ሎሚን ከሽንኩርት ጋር መመዘን ነው። ሦስቱም ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ቢሆኑ እንኳ ፒችትሪያቸው አይነጋገርም። እኛ በወራት ውስጥ ሁሉንም ወደ አንድ ኢአርፒ፣ ማለትም ሂሳቡንም ግዢውንም ንብረቱንም ባንድ ላይ ወደሚይዝ ሲስተም፣ እናምጣ ብለን ስም ሳናስማማ ገባንበት። ሲስተሙ ሦስቱንም ስም በታማኝነት ተቀበለ። አሁን ኩሽኔታው በሦስት ስም፣ ግን በውድ ሲስተም ላይ ሆነ።

ሌላው ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር የሂሳብ ዓመት ነው። ማንም አያስበውም። አንዱ ድርጅት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሌላው ታኅሣሥ 30። በ847/2006 አዋጅ አማካይነት እኛ አገር የገባው ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) የእናት ድርጅትና የልጆቹ የመዝጊያ ቀን ከሦስት ወር በላይ እንዲራራቅ አይፈቅድም። የስድስት ወር ልዩነት ካለ ለማጠቃለያው ተብሎ ተጨማሪ ሂሳብ መዘጋት አለበት። መዝጊያውን ልቀይር ካላችሁ ደግሞ የግብር ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ገና በግዢው ወቅት ማንሳት ነው፣ ኦዲተሩ እስኪጠይቅ አይጠበቅም።

ጓዳውን አንድ ስታደርጉ አንድ ጥንቃቄ። ሁሉንም ፊርማ ወደ ዋናው ቢሮ አትሰብስቡ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት ለወራት የሚጠፋበት ጊዜ አይተናል። ቡሬ ያለ ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ቀበቶ መግዣ የአዲስ አበባ ኢሜይል የሚጠብቅ ከሆነ ፋብሪካው ቆመ ማለት ነው። በብር የተወሰነ ሥልጣን ስጡት፣ በወረቀት ጽፋችሁ።

አንድ በአንድ ወይስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ?

ገበሬ ወይፈን የሚገራው ከለመደ በሬ ጋር ጠምዶ ነው። ሁለት ወይፈን አንድ ቀንበር ውስጥ የሚያስገባ ካለ እርሻውን ሳይሆን ሞፈሩን ነው የሚሰብረው። ድርጅትም ያው ነው። ሦስቱን ባንድ ጊዜ ለማዋሃድ ስትነሱ የለመደ በሬ አይኖራችሁም።

ባንድ ጊዜ ይሁን የሚሉ ሰዎች ክርክር አላቸው፣ ይደመጣል። ሕመሙ አንዴ ያልፋል ይላሉ። ሠራተኛው ለዓመታት «ቀጣዩ ማን ነው?» እያለ አይሳቀቅም። እውነት አላቸው፣ ግን የሚሠራው ሰው ሲበቃ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ያ ሰው ነው። የዱቄት ፋብሪካውን ሂሳብ የሚያስማማችው ልጅ፣ የትራንስፖርቱን ፔሮል የምታስተካክለው ልጅ፣ ማበጠሪያው ሄዳ ቆጠራ የምትቆጥረው ልጅ አንድ ልጅ ነበረች። የራሷ መደበኛ ሥራም ነበራት። በስምንተኛው ወር ባንክ ገባች። በኤክሴሎቿ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

የአሜሪካው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከ200 በላይ ድርጅቶች ገዝቷል። ያን ያህል የሚገዛ ሰው ማዋሃድን እንደ ድግስ፣ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ጠርቶ አይሠራውም፤ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ሰዎችን ያስቀምጣል። እኛ ሲስኮ አይደለንም። ግን ሁለት ሰው፣ አንድ የሂሳብና አንድ የንብረት፣ ከሌላ ሥራ ነፃ አድርጎ ማስቀመጥ ሦስተኛ ድርጅት ለሚገዛ ግሩፕ ምንም አይደለም። ከአንደኛው የተማሩትን ይዘው ሁለተኛው ጋ ይሄዳሉ። በየጊዜው ከየክፍሉ በውሰት የሚሰበሰብ ኮሚቴ ግን ሁልጊዜ ከሀ ይጀምራል።

መቼ ነው ቀጣዩን መግዛት የሚቻለው ለሚሉኝ የምሰጠው መለኪያ ቀላል ነው። የተገዛው ድርጅት ከዋናው ቢሮ አንድም ሰው ሳይቀመጥበት ሁለት ተከታታይ ወር ሂሳቡን በሰዓቱ ዘግቶ ከላከ፣ ቀጥሉ። ካልሆነ የግዢውን ዋጋ ቢያረክሱላችሁም ጠብቁ።

ለሻጩ ስለ መክፈል

ሙሉውን ዛሬ ከፍሎ መለያየት ወይስ ግማሹን አስቀርቶ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ትርፍ ላይ ተመሥርቶ መክፈል? ሁለተኛው ብልህነት ይመስላል። አደጋው ይቀንሳል፣ ሻጩም ይተጋል። ድርጅቱን ልትተዉት ካሰባችሁ በእርግጥ ጥሩ ነው።

ልታዋህዱት ካሰባችሁ ግን ራሳችሁን ትጠልፋላችሁ። ሻጩ የሚከፈለው የራሱ ድርጅት ባተረፈው ልክ ከሆነ መኪናውን ለእህት ድርጅቱ ለምን ያውሳል? ኩሽኔታውን ለምን ያካፍላል? ዋናው ቢሮ ወጪ ሲያካፍለው ለምን ዝም ይላል? እያንዳንዷ የማዋሃድ እርምጃ ከኪሱ ትወጣለች። ስለዚህ መጀመሪያ አማራጩን ምረጡ፣ የአከፋፈሉን ውል ከዚያ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

ታዲያ የቱን ትመርጣላችሁ?

አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ከተማ፣ የተቀራረበ ደሞዝ ከሆነ ዋጡት፣ በዓመት ውስጥ ጨርሱት፣ ግማሽ መንገድ ላይ አትቁሙ። ሥራውን የማታውቁት ከሆነና መሪው ጎበዝ ከሆነ ተዉት፣ ግን ገንዘቡን በየሳምንቱ እዩት። የተቀራረቡ ግን የየራሳቸው ስምና ደንበኛ ያላቸው ሁለት ሦስት ድርጅቶች ከሆኑ ጓዳቸውን ቀላቅሉ። አንዱን ዋጥ፣ ሌላውን ተው፣ ሦስተኛውን በጓዳ ማድረግም ይቻላል፤ ሁሉም በአንድ መልክ ይሁኑ የሚል ሕግ የለም።

የቱንም ብትመርጡ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠሩ አሉ። የባንክ ፈራሚ ይቀየር። የሳምንት ገንዘብ ሪፖርት ይጀመር፣ በወረቀትም ቢሆን። ሁሉም መኪናና ማሽን በአካል ይቆጠር። የየድርጅቱ የደሞዝና የአበል ዝርዝር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ስም መቀየር፣ ቢሮ ማዛወር፣ ሲስተም መቀየር ከዚህ ውስጥ የለም፤ ይቆያል።

የሹፌሮቹ ነገር እንዴት እንዳለቀ ሳልነግራችሁ። አምስቱ መኪና በሁለተኛው ቀን ተነሳ፣ አበሉ ወደ ላይ ተስተካክሎ። ያንን ገንዘብ ከግዢው ዋጋ ላይ ማስቀነስ ይቻል ነበር፣ ዝርዝሩ ከፊርማው በፊት ተጠይቆ ቢሆን። የሻጩ ፔሮል የነበረው በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ግቢ ውስጥ፣ ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ። ለማየት አንድ ቀን የሚበቃ መንገድ ነበር።